ከወፍጮው ድምፅ በላይ

ኅዳር 14 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ

የስድስተኛ ክፍልን ፈተና ሳርም ዋልኩ። «ድምፅ በምን ውስጥ ይተላለፋል?» ለሚለው ጥያቄ ግማሾቹ «በጆሮ ውስጥ» ብለዋል። አንዱ ደግሞ «በወሬ» ብሎ ጽፏል። ለእሱ ግማሽ ነጥብ ልሰጠው አስቤ ተውኩት። አስተማሪው ቀልደኛ ነው ከተባለ ክፍሉ አይያዝም።

ገበያ ስለነበረ የግራዝማች ፈንታ የሞተር ወፍጮ ሲያጓራ ውሎ ጀንበር ልትጠልቅ ስትል እንኳ አላረፈም። ወደ ማምሻው በምንጩ በኩል አንድ ነገር ይጮህ ነበር። የወፍጮውን መንኮራኩር የሚያዞረው ቺንጋ ይሁን ቀበሮ አላወቅኩም። ነፋሱ ስላስቸገረኝ መስኮቴን ዘጋሁ። ራሴን አሞኝ እራት ሳልበላ ተኛሁ።

ኅዳር 16፣ ሰኞ

ውብነሽ ይግዛው ቅዳሜ ማታ ተጠለፈች። አምና ስድስተኛን ጨርሳ የወጣች ተማሪዬ ናት፤ ሒሳብ ጣቷን ሳትቆጥር የምትሠራ። ከምንጩ ውሃ ቀድታ ስትመለስ የግራዝማች ፈንታ ልጅ አንዳርጌ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አድፍጦ ጠበቃትና በበቅሎ ጭኖ ወሰዳት። ወደ ስማዳ ወርደዋል። ወገዳ አጠገብ አክስት አለችው አሉ።

ምንጩ ከሠፈራችን ከአፋፍ በታች ነው። ደጄ ላይ ሆኜ ውሃ የሚቀዱትን ሰዎች አያለሁ።

«እናንተ አፋፎች ምንም አልሰማችሁም?» አለኝ ርዕሰ መምህሩ በእረፍት ሰዓት።

«ወፍጮው እየጮኸ ምን ይሰማል?» አልኩት። መልሱ ከአፌ ፈጥኖ መውጣቱ እኔኑ ገረመኝ።

ኅዳር 19፣ ሐሙስ

አባቷ ይግዛው ሁለት ፖሊስ ይዞ ወርዶ ውብነሽን መለሳት። ግራዝማች ወዲያው ሽማግሌ ላኩበት። «ዕርቅ አልቀበልም፤ በሕግ ነው የምጠይቅ» አለ። ገበሬ ከግራዝማች ጋር በሕግ! ሰው ሁሉ እንዳበደ ነው የሚያየው።

አከራዬ ወይዘሮ አማረች ከጎረቤታቸው ጋር አጥር ተደግፈው ሲያወሩ ሰማሁ።

«ኡኡ ብያለሁ ትላለች አሉ።»

«ኧረ እኔስ አልሰማሁ። ያ ወፍጮ ጆሯችንን ደፍኖት የለ!»

«እኔም አልሰማሁ፣ ማርያምን።»

በዚህ አገር ኡኡታ ሰምቶ ያልወጣ ሰው ከሰው አይቆጠርም። ሐዘን ቢደርስበት የሚደርስለት፣ ሞፈሩ ቢሰበር የሚያውሰው የለም። ስለዚህ የሰማ የለም። በዚያ ላይ የግራዝማች ልጅ ነው። ደግሞስ ማን ወጥቶ የእሳቸውን ልጅ ይይዛል?

ለምን ይህን ሁሉ እንደምጽፍ አላውቅም። የነገው ትምህርት አልተዘጋጀም።

ኅዳር 26፣ ሐሙስ

ዳኛ ገብረ መድኅን አስጠሩኝ። ክሱን የሚያዩት እሳቸው ናቸው። አዲስ ነገር የሚወዱ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ጋዜጣ ሦስት ጊዜ የሚያነቡ ሰው።

«ኮሌጅ ሳለህ የድምፅ መለኪያ ትይዝ ነበር አሉ» አሉኝ።

እውነት ነው። ሁለት ክረምት የፋብሪካ ጩኸት ከሚያጠና የውጭ አገር መሐንዲስ ጋር መሣሪያ ተሸክሜ ዞሬአለሁ። ይህን ወሬ እዚህ የነዛሁት ራሴ ነኝ፣ በጉራ። የእጄን አገኘሁ።

ዳኛው ነገሩን በጣታቸው ጠረጴዛ እየመቱ አስረዱኝ። «ልጅቱ ጮኼአለሁ ትላለች። የተከሳሹ ነገረ ፈጅ አልጮኸችም፣ ወዳ ነው የሄደችው ይላል። የአፋፍ ሰው በሙሉ ምንም አልሰማንም ብሎ ምሏል። እንግዲህ ወይ ወፍጮው ጩኸቷን ውጦታል፣ ወይ አልጮኸችም። ውጦት ከሆነ ቃሏ ይጸናል፣ ልጁም ይታሰራል። አልጮኸች ከሆነ ግን ክሱ ይወድቃል፣ ነገሩ በሽማግሌ ያልቃል፣ ሚስቱ ትሆናለች። ወፍጮ የሰው ጩኸት ይውጣል ወይስ አይውጥም? በሳይንስ ንገረኝ።»

ሦስተኛ መንገድ እንዳለ አላነሡም። እኔም አላነሣሁም።

መሣሪያው እንዲላክልኝ ለቀድሞ አለቃዬ ለመሐንዲሱ ጻፍኩ። ግራ ገብቶኛል። ደስታም አለበት፤ ይህን መካድ አልችልም። በአራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ለእውቀቴ ፈለገኝ።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

መሣሪያው ከደብረ ታቦር በበቅሎ መጣ። ወይዘሮ አማረች ሣጥኑን ዞረው ዞረው አዩትና «ይኸ ነው የሚሰማው?» አሉ።

አይሰማም። ይለካል እንጂ። የሚቆጥረው የአየሩን ግፊት ነው፤ ጆሮ ደግሞ እንደዚያ አይቆጥርም። ወፍራም ድምፅ ሲመጣ ጆሮ ይሰንፋል፣ ቀጭን ሲመጣ ይነቃል። ስለዚህ መርፌው ያሳየውን ቁጥር ይዞ፣ ይህ ድምፅ ለሰው ምን ያህል ጎልቶ ይሰማዋል የሚለውን በስሌት ማውጣት ያስፈልጋል። የጉላቱ መለኪያ ፎን ይባላል። ፎን በአሥር ሲጨምር ለሰሚው ድምፁ እጥፍ ይሆንበታል። ይህ የታወቀው ሰዎችን ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ «ይኸኛው ከዚያኛው ስንት እጅ ይበልጣል?» ብሎ በመጠየቅ ነው። ተቀምጠው የሰሙትን ሳይደብቁ ይናገሩ ነበር ማለት ነው። ደግ ሰዎች።

ከመሣሪያው ጋር አዲሱን የደረጃ መጽሐፍ ልከውልኛል። በውስጡ ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። አሠራር «ሀ» ድምፁን ከወፍራም እስከ ቀጭን በየክፍሉ ይለያል፤ ከሁሉ የጎላውን ክፍል እንዳለ ወስዶ የቀሩትን በከፊል ይደምራል። በእርሳስና በሠንጠረዥ ይሠራል። አሠራር «ለ» በተዘጋጀ ወረቀት ላይ ሥዕል ያስስላል፤ ወፍራሙ ድምፅ አጠገቡ ያለውን ቀጭን እንዴት እንደሚጋርደው ይታያል፤ የሥዕሉ ስፋት ጉላቱ ነው። ሁለቱም ጸድቀዋል። ሁለቱም አንድ መልስ አይሰጡም። መጽሐፉ ራሱ ይህን ያውቃል፣ ግን አያፍርም።

ታኅሣሥ 12፣ ቅዳሜ

የሙከራው ቀን። ግርግር። እጄ በብርድ ደንዝዟል፣ በአጭሩ ልጻፍ።

ወፍጮው ተነሣ። እኔ መሣሪያዬን ይዤ አፋፍ ላይ፣ በወይዘሮ አማረች በር። ዳኛው ከጎኔ። ከታች ምንጩ ላይ ሰው ቆሞ እንዲጮህ።

«አንዲት ሴት ኡኡ ትበል» አሉ ዳኛው።

የምትወርድ ጠፋች። አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «ምን በወጣኝ! ሰው ሳይሞትብኝ ኡኡ ብዬ ሞት ልጥራ?» አለች። ሌላዋ ልጆች አሉኝ አለች። ቄሱ ተጠየቁ፤ «በሐሰት ኡኡ ማለት ሟርት ነው፣ አልፈቅድም» አሉ። ዳኛው በአዋጅ ሊያስገድዱ ቢቃጣቸው ሴቶቹ አንድ በአንድ ወደ ገበያው ሹልክ አሉ።

በመጨረሻ የገበያው ለፋፊ ደሴ ወረደ። «ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ!» አለ። ወፍጮው እያጓራ ድምፁ ከሩቅ፣ እንደ ማጉረምረም ብቻ ደረሰን። «ይኸው ውጦታል!» አለ ሰዉ። የይግዛው ፊት በራ። ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ማንም አልጠየቀኝም ነበር። ተናገርኩ። «የደሴ ድምፅ ወፍራም ነው፣ ከወፍጮው ጋር አንድ መደብ ላይ ይወድቃል። የልጃገረድ ጩኸት ግን ቀጭን ነው፤ ከወፍጮው በላይ ይወጣል። ይህ ሙከራ አይበቃም» አልኩ። ነገረ ፈጁ ፈገግ ብሎ እጅ ነሣኝ።

ይግዛው አየኝ። ያን ጊዜ ዝም ብል ኖሮ ነገሩ አልቆ ነበር። ግን ልክ ነበርኩ። ልክ የሆነ ሰው ምን ይባላል?

ታኅሣሥ 14፣ ሰኞ

በእረፍት ሰዓት ሴት ተማሪዎች አባሮሽ እየተጫወቱ ሲጮሁ ለካሁ። ይህ ጨዋታ ነው፣ ሟርት የለበትም። መርፌው ዘለለ። እንደጠበቅኩት ጉልበቱ ሁሉ በቀጭኑ በኩል ነው።

የውብነሽ ታናሽ እህት ፈትለወርቅ አልተጫወተችም። ግድግዳ ተደግፋ መሣሪያውን ስታይ ቆይታ «ይኸ እታለምን ሰምቷታል?» አለችኝ። አይ፣ ያኔ አልነበረም አልኳት።

ታኅሣሥ 20፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ስሌቱን ጨረስኩ። ደግሜ ሠራሁት፣ ያው ነው።

በ«ሀ» ከሄድን፣ ጩኸቱ አፋፍ ላይ ሲደርስ ከወፍጮው በግልጽ ይጎላል። ጆሮ ያለው ሁሉ ይሰማዋል ማለት ነው።

በ«ለ» ከሄድን የወፍጮው ሥዕል ይሰፋል። ጩኸቱ ለጥቂት ያንሳል። አልሰማንም ማለት ይቻላል ማለት ነው።

ሁለቱንም ጽፌ ለዳኛው ላክኩ። በዚያው ቀን በመልእክተኛ መለሱልኝ፦ «ሁለት መልስ መልስ አይደለም። አንዱን ይዘህ ና።»

በ«ለ» ልጅቱ ትድናለች። የአፋፍ ሰውም ይድናል። ማንም አይዋሽም፤ የጸደቀ አሠራር ነው። በዚህ ቢያበቃ ማን ይከፋዋል? ከግራዝማች በቀር።

ግን «ለ» ስቷል። እዚህ ላይ፣ በዚህ ወፍጮና በዚህ ጩኸት፣ ልክ የሆነው «ሀ» ነው። ይህን በእርግጥ አውቃለሁ።

ታኅሣሥ 23፣ ረቡዕ

ክፍሌ ውስጥ መስኮቱን ከፍቼም ዘግቼም ለካሁ። ሲዘጋ ጉላቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ሁሉም ቤት መስኮት የለውም፣ ስለዚህ ለውጤቱ አያስፈልግም። ለካሁት እንጂ።

ወይዘሮ አማረች በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል።

«ያን ቅዳሜስ መስኮቱ ተዘግቶ ነበር?»

«አላስታውስም» አልኳቸው።

«ክፍት ነበር እንጂ። ኋላ ነው የዘጋኸው። እኔም በሬን የዘጋሁ ያኔ ነው።»

«ነፋስ ነበር።»

«አዎ፣ ነፋስ ነበር» አሉና ወደ ጓዳቸው ገቡ። ከዚያ ወዲህ ለእኔ ደግ ሆነዋል። ዛሬ ሳልጠይቃቸው ትኩስ ወተት ላኩልኝ። አልጠጣሁትም።

ታኅሣሥ 29፣ ማክሰኞ፣ ገና

ግራዝማች ፈንታ ጠሩኝ፣ ሄድኩ። እምቢ ማለት አይቻልም፤ ያስፈራል። ከሜዳው የገና ጨዋታ ጩኸት እየመጣ፣ እሳቸው ሥጋ እየቆረጡ በእጃቸው አጎረሱኝ። ያስፈራሩኛል ብዬ ነበር። ልመናም ዛቻም አልነበረም።

«አስተማሪ፣ እኔ ምንም አልልህም» አሉ። «እውነቱን ብቻ ጻፍ። ቁጥሩ ያለውን።»

እውነቱን የሚፈልጉት እሳቸው ብቻ መሆናቸውን ሳስብ ጉርሻው ትን አለኝ። ሳልኩ፤ እሳቸው ውሃ አስቀዱልኝ። ስወጣ ትከሻዬን ይዘው «ጎንደር መዛወር ትፈልጋለህ አሉኝ፤ እዚያ ሰው አለኝ» አሉ። ለእውነት ዋጋ የሚከፈለኝ ይመስል። አልተቀበልኩም። እምቢም አላልኩም።

በዋስ የወጣው አንዳርጌ በሩ ላይ ቆሞ ሰላም አለኝ። ምንም አይመስልም፤ ልጅ እግር ነው፣ ጢም እንኳ በወጉ አላወጣም። ጭራቅ ቢመስል ይቀለኝ ነበር።

ጥር 7፣ ረቡዕ

ይግዛው መጣ። ጋቢውን አጣፍቶ እንደ ባለ ጉዳይ ደጄ ላይ ቆመ። ግባ ብለው አልገባም አለ።

«አስተማሪ፣ ሁለት ሒሳብ አለ አሉኝ። ባንዱ ልጄ ድናለች፣ ባንዱ ጠፍታለች። እውነት ነው?»

«እንዲያ አይባልም። አሠራሩ…»

«ሁለቱም የተፈቀዱ ናቸው?»

«አዎ።»

«ሁለቱም ተተፈቀዱ ልጄን የሚያድነውን ቢመርጡላት ምን ይከፋል? እኔ እግዜርን የሚያስቀይም ነገር አልለምንም። ተፈቅዷል።»

የሙያ ግዴታ ነው አልኩት። ልክ ያልሆነውን መፈረም አልችልም አልኩት። ድምፄ ክፍል ውስጥ እንደምናገርበት ነበር፤ ራሴን ጠላሁት።

«ታዲያ ያኛው ልክ እንዳልሆነ በምን አወቁ? መጽሐፉ ሁለቱም ልክ ነው ይል የለ?»

 መልሱን ቆሞ ጠበቀ። ሞኝ ሰው አይደለም፣ ግን ሐዘን ላይ ነው። ኋላም «እግዜር ያሳይዎ» ብሎኝ ሄደ።

በምን አወቅኩ? ልምድ ነው። ልምድ አለኝ። ሁለት ክረምት ፋብሪካ ለፋብሪካ ዞሬ የለም?

ጥር 15፣ ሐሙስ

ፍርድ ቤት። «ሀ»ን አቀረብኩ።

ዳኛው፦ «ይህን ለምን መረጥክ?»

እኔ፦ «ለማስረዳት ይቀላል።»

«እንግዲህ ጮሃ ቢሆን አፋፍ ላይ ያለ ሰው ይሰማ ነበር?»

«ይሰማ ነበር።»

«የሰማ ሰው አለ?» ብለው ወደ ጎረቤቶቹ ዞሩ። ወደ እኔ አልዞሩም። እኔ የቆምኩት በባለሙያ ቦታ ነው፣ በምስክር ቦታ አይደለም።

ማንም ትንፍሽ አላለም።

ደክሞኛል። ነገ እጽፋለሁ።

ጥር 16፣ ዓርብ

እንቅልፍ አልወሰደኝም። በሥርዓቱ ልጻፈው።

ውሳኔው አጭር ነበር። ጩኸት ቢኖር ይሰማ ነበር፤ የሰማ የለም፤ ስለዚህ ጩኸት አልነበረም። ጩኸት ካልነበረ ልጅቱ በፈቃዷ ሄዳለች። ከስሌቴ የወጣ ነው፣ አንድም ቁጥር አልተዛነፈም። ዳኛው በፍርዱ ላይ «በዘመናዊ ሳይንስ በተረጋገጠው መሠረት» የሚል ሐረግ አስገቡ። ጸሐፊው «ሳይንስ» የሚለውን እንዲደግሙለት ጠየቀ።

ከፍርዱ በፊት ውብነሽ እንድትናገር ተፈቅዶላት ነበር። ተነሥታ «ጮኼአለሁ። የሰሙኝ ያውቃሉ» አለችና ተቀመጠች። አላለቀሰችም። አፋፎች ሁሉ እግራቸውን ሲያዩ እኔ ወረቀቴን አየሁ። የወፍጮው ድምፅ በየክፍሉ የተጻፈበት ነው። ራሴ ስለጻፍኩት ቁጥሮቹን በቃሌ አውቃቸው ነበር፤ ግን አንዱንም ማንበብ አልቻልኩም።

እውነቱን አላጣመምኩም። ይህን መቶ ጊዜ ለራሴ ብያለሁ። «ለ»ን ብሰጥ ኖሮ ውሸት ይሆን ነበር። ውሸት መሆኑን የማውቅ ግን እኔ ብቻ ነበርኩ። መጽሐፉ አያውቅም፣ ዳኛው አያውቁም፣ መሣሪያው ያን ቀን እዚህ አልነበረም። ታዲያ ከየት አመጣሁት?

ስለ ቺንጋው አሰብኩ። ቺንጋ ሲንሸራተት ሲጥ ይላል፣ ይቆማል፣ ሲጥ ይላል፤ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ቀበሮም ቢሆን ሰው አይጠራም።

አፈርኩ። ይህን ጽፌ እዚሁ ላይ ላብቃ። ማፈር ምን ይሠራል? ቆሜ «አቤት» ብል ኖሮ አንዲት ቃል ነበረች። ፈሪ ነኝ። ግራዝማችንም ፈርቼ አይደለም፣ ይህ ቢሆን ባልከፋ። የፈራሁት «ለምን አልወጣህም?» የሚለውን ጥያቄ ነው።

ጥር 24፣ ቅዳሜ

ሽማግሌዎች ገቡ፣ ይግዛው እሺ አለ። ምን ያድርግ? ሌላ የሚያገባት የለም አሉት። ጋብቻው ከጾሙ በፊት እንዲፈጸም ቆርጠዋል።

ወፍጮው ዛሬ ቀኑን ሙሉ ፈጨ። መስኮቴን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ሴቶች ከምንጩ ሲወጡ የሚነጋገሩት ሁሉ ይሰማኛል፤ ሳቃቸው ሳይቀር።

የካቲት 2፣ እሑድ

ሰርጉ ላይ ነበርኩ። ከቄሶቹ አጠገብ አስቀመጡኝ፤ «ሊቁ» ይሉኛል አሁን። በላሁ። ደሴ ጥቂት ጠጥቶ ነበርና መጥቶ ጆሮዬ ላይ «የኔ ድምፅ ቀጭን ቢሆን ጥሩ ነበር፣ አይደል?» አለኝና ሳቀ። ወዲያው ሳቁን አቆመ።

ሙሽራዋ አንድ ጊዜ ብቻ ቀና አለች። ወደ እኔ አልነበረም። እፎይ አልኩ፤ እፎይ በማለቴ ደግሞ መቆሚያ አጣሁ። ጠላውን ሳልጨርስ ወጣሁ።

የካቲት 12፣ ረቡዕ

ዝውውሬ ተፈቀደ። ጎንደር። ከፋሲካ በኋላ።

መሣሪያውን ጠቅልዬ በበቅሎ መለስኩ። የቀድሞ አለቃዬ ውጤቱን እንድጽፍላቸው ይፈልጋሉ፤ በገጠር የተደረገ የመጀመሪያ ልኬት ነው ብለው በጣም ተደስተዋል።

የካቲት 23፣ እሑድ

ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ወይዘሮ ተዋበች፣ የውብነሽ እናት፣ ደጄ ላይ ቆመው አገኘኋቸው።  ሊረግሙኝ መጡ ብዬ ነበር። አቀርቅረው፣ ነጠላቸውን አደግድገው፣ እንደ ትልቅ ሰው እጅ ነሡኝ።

«አስተማሪ፣ አላስቸግርዎም። አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው።»

ግቡ አልኳቸው። እዚሁ ይበቃኛል አሉ።

«እርስዎ ጩኸት ተየት ተየት እንደሚሰማ የሚያውቁ ሰው ነዎት። ፈትለወርቅ አሁን እንስራ መሸከም ጀምራለች። እኔ ወገቤን ያመኛል፣ ተእሷ በቀር ውሃ የሚቀዳልኝ የለም። ጩኸት የሚሰማበትን ቦታ ያሳዩኝ። በዚያ በዚያ ብቻ ትሂድልኝ።»

ቀልድ ወይም ሽሙጥ ፈልጌ ፊታቸውን አየሁ። አልነበረበትም። ከልባቸው ነው የሚጠይቁኝ፤ መድኃኒት የሚያውቅ ሰው እንደሚጠየቅ።

ወደ አፋፉ ጫፍ ወጣን። መንገዱ ቁልቁል ይታያል። በጣታቸው ምንጩን አሳዩኝ።

«እዚያ ይሰማል?»

«ይሰማል።»

«ተምንጩ እስከ ኮሶው ድረስስ?»

«ይሰማል።»

«ኮሶው ሥር ጎድጓዳ ነው እኮ።»

«ቢሆንም ይሰማል።»

«ተኮሶው እስከ ወፍጮ ቤቱስ? ወፍጮው እያጓራ?»

«ያኔም ይሰማል።»

ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። መንገዱን ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ አዩት። ከጎናችን ያሉትን ቤቶችም አንድ በአንድ አዩ።

«እንግዲያ ሁሉም ቦታ ይሰማል?»

«ሁሉም ቦታ» አልኩ።

«ሁሉም ቦታ ተተሰማ፣ ልጄን በየት በኩል ልስደዳት?»

  ከዚያ ሦስት ወር ሙሉ የተቀመጥኩበት ነገር ከውስጤ ወጣ፤ አላሰብኩበትም። «ያን ቅዳሜ እኔም ሰምቼ ነበር» አልኳቸው። «እማዬ ብላ ስትጮህ ሰማሁ። ሰምቼ መስኮቴን ዘጋሁ።»

አልጮኹም። አልረገሙኝም። ዓይናቸውን ከመንገዱ ላይ እንኳ አላነሡም።

«እሱን አልጠየቅሁህም» አሉኝ። «መንገዱን ነው የጠየቅሁህ።»